ሕመምተኛው ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ፦ የአንድ ቆላ ጤና ኬላ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፦ መለኪያውን መወሰን

ቦታው የአባይ በረሃ ቆላ ነው። ከጤና ጣቢያው በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ይርቃል። በበጋ መኪና እስከ ወንዙ ማዶ ይመጣል፤ ክረምት ሲገባ ግን ከእግረኛና ከበቅሎ በቀር የሚሻገር የለም። ያለው ጤና ኬላ ሁለት ክፍል ነው፦ ቆርቆሮ ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የአፈር ወለል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር መሠረት ሁለት ባለሙያዎች ተመድበውበታል። አሁን የሚጨመሩት አንድ ነርስና አንዲት አዋላጅ በቋሚነት፣ አንድ ሐኪም ደግሞ በየሳምንቱ ናቸው።

ርካሽ ሕክምና ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የካርድ ዋጋ ነው። ለቆላ ገበሬ ግን ካርድ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ታማሚ ብቻውን አይወጣም፤ አስታማሚ ይከተለዋል። ሁለት ሰው የሥራ ቀን ያጣል፣ ስንቅ ይያዛል፣ ከመሸም ማደሪያ ይከፈላል። መድኃኒቱ «አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ከተባለ ይህ ሁሉ እንደገና ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቆጠረው ስንት ሰው መጣ ሳይሆን ስንቱ በአንድ መምጣት ጨርሶ ሄደ የሚለው ነው።

የተመላላሽ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ተጨምሯል፦ «ሙሉ» ወይም «ጎዶሎ»። ሙሉ የሚባለው ሰውየው ታይቶ፣ የሚያስፈልገው ምርመራ ተሠርቶለት፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ሙሉ መጠን ይዞ፣ መመለስ ካለበትም ቀኑ ተነግሮት ሲወጣ ነው። ጎዶሎ ከሆነ ምክንያቱ በአንድ ፊደል ይጻፋል፦ መ ለመድኃኒት፣ ላ ለላቦራቶሪ፣ ባ ለባለሙያ፣ ገ ለገንዘብ፣ ሪ ለሪፈር። መዝጋቢውን ጊዜ አይወስድበትም፤ ወር ሲያልቅ ግን በየት በኩል እንደሚያንስ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የሐኪሙ ቀን የገበያ ቀን ይሁን ተብሏል። ሰው ለገበያ ሲወጣ ለሕክምና ብሎ ሌላ ቀን አያጠፋም። ሁለተኛው የነርስ ቀን ከበዓላት ጋር ይሄዳል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሞፈር አይነሳም፤ ያን ቀን በሩ ከተዘጋ የሚቀረው ሕመምተኛ ብዙ ነው። የመንግሥት የሥራ ቀን መቁጠሪያን እንዳለ ወስዶ እዚህ ቦታ ላይ መለጠፍ ባዶ ወንበር ማስቀመጥ ነው።

ኅዳር፦ ወለል፣ ጣሪያ፣ ውሃ

የአፈር ወለል አይታጠብም። ደምና የምጥ ውሃ የሚፈስበት ክፍል ቢያንስ ሊሾ ይፈልጋል። ክፍሎቹ በጥቅሉ 24 ካሬ ሜትር ናቸው። በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 1.2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሆናል። በ1 ለ2 ለ4 ቅልቅል ወደ 8 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይበላል፤ ይህም የስምንት አህያ ጭነት ነው። አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ይወጣል፤ አሸዋው ካልታጠበ ጭቃው ሊሾውን ያሰነጥቀዋል። የማዋለጃው ወለል ወደ አንድ ጥግ በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ያዘንብላል፣ ጥጉ ላይ ማፍሰሻ አለው። በቆላ ፀሐይ ሊሾ ቶሎ ስለሚደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት ግድ ነው። ይህ ከተዘለለ ፊቱ እየተፋቀ ዱቄት ይሆናል፣ ያኔ ከአፈሩ የሚሻለው በጥቂቱ ነው።

ውሃው ላይ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ተመላላሽ ሕመምተኛ 5 ሊትር፣ ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር ይያዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነው። የገበያውን ቀን ጭነትና ባዶ የሚባሉትን ቀናት አማክሎ በቀን 100 ሊትር ይበቃል። የጣሪያው ስፋት 48 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ ከዚህ አንድ አምስተኛው በትነትና በፍሳሽ ይጠፋል። ስለዚህ 130 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለ 5,000 ሊትር ታንከር ይሞላል። ሁለት ታንከር ለ100 ቀን ያህል ያደርሳል። የበጋው ቀሪ ጊዜ በአህያ ነው፦ በቀን አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ቀበሌው ይህን ለእድሩ በተራ ሰጥቶታል። በክፍያ ቢሆን ኖሮ ከመድኃኒቱ ቀድሞ በጀቱን የሚጨርሰው ውሃ ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያ አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል። ለዚህ ከመውረጃው ጎን 3 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ቆሟል፤ 25 ሊትር ያህል ስለሚይዝ ቆሻሻውን ውሃ እሱ ይቀበላል፣ ሲሞላ ንጹሑ ወደ ታንከር ያልፋል። ከታች በምስማር የተበሳ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቀዳዳው ከተደፈነ ቧንቧው እንደሞላ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ቆሻሻም ቀጥታ ታንከር ውስጥ ነው። የታንከሩ ማፍሰሻ አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ካልታሰረ ደግሞ ጤና ኬላው ራሱ የወባ ትንኝ ያረባል።

ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ተመቷል። በመካከል 40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ በሁለቱም ጫፍ ላይ ወንፊት ያለው የአየር መውጫ አለ። ይህ ለምቾት አይደለም። አብዛኛው ክኒን ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፤ ያለ ኮርኒስ በሚያዝያ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ በእጅጉ ያልፋል። የመድኃኒት መደርደሪያው በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሆኗል፣ የከሰዓቱን ፀሐይ የሚቀበለው የምዕራቡ ስለሆነ። ትልቁንና ትንሹን ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር አጠገቡ ተሰቅሏል።

ታኅሣሥ፦ መብራት

መጀመሪያ የሚጻፈው የሚሠራው ዕቃ ዝርዝር ነው፣ ከዚያ በኋላ ፓኔል ይገዛል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ተገላቢጦሹ ነው።

ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ6 ሰዓት 324 ዋት ሰዓት። ማይክሮስኮፕ 10 ዋት ለ5 ሰዓት 50። ታብሌትና ስልክ 120። ኔቡላይዘር (መድኃኒትን በጉም መልክ የሚያስተነፍስ ማሽን) 150 ዋት ለግማሽ ሰዓት 75። ድምሩ 570 ያህል ነው። በባትሪ፣ በኢንቨርተርና በሽቦ የሚባክነውን ለመሸፈን ለ0.7 ሲካፈል 814 ይሆናል። ደመና ባለበት ወር የጠራ ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ብቻ ተብሎ ከተያዘ 204 ዋት ፓኔል ይበቃል፤ 300 ተተክሏል፣ ምክንያቱም አቧራ አለ። ፀሐይ የሌለባቸውን ሁለት ቀናት ለማለፍ 1,140 ዋት ሰዓት መቀመጥ አለበት። ጄል ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ይፈልጋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 120 አምፔር ሰዓት ይበቃዋል፣ ክብደቱም ለበቅሎ ይስማማል፤ የተመረጠው እሱ ነው።

ከፓኔሉ እስከ ባትሪው 8 ሜትር ነው። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 17 አምፔር ሲያልፍ በመንገድ ላይ ከ0.8 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 0.5 ይወርዳል። ወፍራሙ ሽቦ ውድ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚገዛው። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘነብላል። ጠፍጣፋ ቢተኛ አቧራው ከዝናቡ ጋር ጭቃ ሆኖ ጠርዙ ላይ ይጋገራል።

ሥርዓቱን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ስልክ ነው። አንድ ስልክ ምንም አይደለም፤ በገበያ ቀን ሃምሳ ስልክ ግን ማታ ምጥ ሲመጣ ክፍሉን ጨለማ ያደርጋል። መከልከልም አይሠራም፣ ቅሬታ ያመጣል። ያዋጣው ለስልክ ብቻ የሚሆን ትንሽ ፓኔል ያለ ባትሪ በረንዳው ላይ መስቀል ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በራሱ ይቆማል።

ኦክስጅን ማምረቻ ማሽን በዝርዝሩ የለም። ባለ 5 ሊትሩ ወደ 350 ዋት ስለሚስብ ሌሊቱን ሙሉ ለማሠራት አሁን ያለውን ሥርዓት ብዙ እጥፍ ማሳደግ ይጠይቃል። በምትኩ የጣት ኦክስጅን መለኪያ አለ፤ ከ90 በመቶ በታች ያሳየ ሕጻን ወዲያው ሪፈር ነው። እቃ ማፍያውም በኤሌክትሪክ ሳይሆን በከሰል የሚሠራው የግፊት ድስት ነው።

የክትባት ማቀዝቀዣው የራሱ ፓኔል አለው፣ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ባትሪ የለውም፤ ቀን በረዶ ይሠራል፣ ሌሊት በበረዶው ይቆያል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በቀን ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀትን ነው፤ ፔንታቫለንትን (አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት)፣ የሳምባ ምች ክትባትንና የቴታነስ ክትባትን ግን ብርድ ይገድላቸዋል። ለቤት ለቤት ሥራ ሲወጣ የበረዶ ጥቅሉ ተወዝውዞ ውስጡ ውሃ ሲንቦጨቦጭ እስኪሰማ ድረስ ከክትባቱ ጋር አይቀመጥም። ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመው መርፌ ኦክሲቶሲንም እዚሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ በተለየ ሳጥን ይኖራል። መደርደሪያ ላይ የከረመ ኦክሲቶሲን ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ደም ግን አያቆምም።

ጥር፦ ክፍያና መድን

ምርቱ ተወቅቶ እህል ወደ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ የሚሰበሰበው አሁን ነው። ይህ አሠራር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ነው፤ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ድሃ ተብሎ በቀበሌው የተለየው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል።

ከዚህ የተሻለ የክፍያ መንገድ መፍጠር አያስፈልግም፤ ሥራው ነባሩ እንዲሠራ ማድረግ ነው። የመድኑ ውል ያለው ከጤና ጣቢያው ጋር ስለሆነ የሐኪሙ ቀን በጤና ጣቢያው ስም ይመዘገባል። ካርዱና የሕክምና ወረቀቱ የጤና ጣቢያው ናቸው፣ ሒሳቡም ለመድኑ የሚላከው በእነሱ በኩል ነው። ለብቻ ክሊኒክ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ መድን ያለው ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ይገደድ ነበር። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድና የቲቢ ሕክምና ከመጀመሪያውም ነፃ ናቸው። ይህ በበሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ምክንያቱም ገንዘብ የለኝም ብላ የምትቀር ነፍሰ ጡር አሁንም አለች።

ሰው መዋጮውን የሚተወው ዋጋው ስለከበደው ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከፍሎ መድኃኒቱን ከግል ፋርማሲ ግዛ የተባለ ሰው ዘንድሮ አይከፍልም፤ የሚገርም አይደለም። ሌላው መሰናክል የሪፈር ወረቀት ነው። ያለ ወረቀት ሆስፒታል የሄደ አባል እንደ ከፋይ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ማህተም ያለበት የሪፈር ጥራዝ በሐኪሙ ብቻ ሳይሆን በነርሱም እጅ ይገኛል። ማህተሙ በሐኪሙ ቦርሳ ከሄደ ሳምንቱን ሙሉ ሪፈር የለም ማለት ነው።

የካቲት፦ መድኃኒት

ዝርዝሩ አጭር ነው፣ ሠላሳ አካባቢ። የሳል ሽሮፕ፣ ቫይታሚን መርፌና ግሉኮስ ለድካም የሚባለው የሉበትም። መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም የሚል ሰው ይኖራል፤ ክርክሩ የሚያልቀው ክኒኑ ሲያድነው ነው እንጂ በማስረዳት አይደለም።

ከየካቲት ሥራ ብዙውን የወሰደው የቀን ጉዳይ ነው። የመድኃኒት ማሸጊያ የሚታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ መዝገቡና ቢን ካርዱ (የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) በእኛ። ማሸጊያው 06/2026 ካለ ጊዜው የሚያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው። የእኛን ዓመተ ምሕረት በአእምሮው ይዞ 2026ን ያነበበ ሰው ገና ስምንት ዓመት አለው ብሎ መደርደሪያ ላይ ይመልሰዋል። ስለዚህ ማንኛውም ካርቶን በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሲገባ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ቀድሞ የሚያበቃውም ከፊት ይደረደራል። ወረቀቱ የሚለጠፈው ገና በር ላይ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ወርኃዊ ፍጆታን ማስላት ነው። ባለፉት ሁለት ወራት የሕጻናት አሞክሲሲሊን 900 ክኒን ወጥቶ ለ15 ቀን መደርደሪያው ባዶ ነበር እንበል። 900ን ለሁለት ማካፈል 450 ይሰጣል፤ ይህ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ የነበረው ለ45 ቀን ብቻ ስለሆነ 900 ለ45 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 600 ይመጣል። በ450 ያዘዘ ሰው በሚቀጥለውም ዙር ያልቅበታል፣ ከዚያ ደግሞ ባነሰ ቁጥር ያዛል፤ መደርደሪያው እየተራቆተ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ባዶ የነበረባቸው ቀናት ቢን ካርዱ ላይ በቀይ ይከበባሉ፣ ያለዚያ ይህን ሒሳብ መሥራት አይቻልም።

ለግፊት ሕመምተኛ የሚሰጠው 30 ክኒን አይደለም፣ 28 ነው፣ ላይ ደግሞ 7 መጠባበቂያ። 28 ቀን አራት የገበያ ሳምንት ስለሆነ ቀጠሮው ሁልጊዜ ገበያ ቀን ላይ ይውላል። በ30 ከተሰጠ ቀጠሮው ወደ ተራ ቀን ይንሸራተታል፣ ሰውየውም እስከ ገበያው ያለ መድኃኒት ይቆያል።

መጋቢት፦ የሥራው ፍሰት

የገበያው ቀን ሥራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምራል። ተራ ቁጥር በር ላይ ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሙቀት፣ ክብደትና የክንድ ዙሪያ (የምግብ እጥረት መለያ) ትለካለች፤ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ሕጻን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ከተራው ወጥቶ ወደ ፊት ያልፋል። ትኩሳት ያለው ሁሉ የወባ ፈጣን ምርመራው ሐኪሙ ጋ ከመግባቱ በፊት ይሠራለታል። ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ይህ ጊዜ በወረፋው ውስጥ ካለፈ አይቆጠርም፣ ከሐኪሙ ፊት ከሆነ ግን የቀኑን ሥራ ግማሽ ይበላል። ከ30 ደቂቃ በኋላ የተነበበ ሰሌዳ ይጣላል።

ፈጣን ምርመራው ሁለት ወጥመድ አለው። ከሁለት ሳምንት በፊት ታክሞ የዳነ ሰው አሁንም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ የጥገኛው ፕሮቲን በደም ውስጥ ስለሚቆይ። በሌላ በኩል ደግሞ ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የማያመርት ጥገኛ በአፍሪካ ቀንድ ታይቷል፤ ያኔ ምርመራው ኔጌቲቭ ብሎ ወባው ይቀጥላል። ማይክሮስኮፑ የተገዛው ለእነዚህ ሁለቱ ነው።

የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ስብ ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይሰረጽም። መመሪያው ወተት ይላል። ዐቢይ ጾም ላይ ወተት መምከር ክኒኑን እንዳይዋጥ መምከር ነው፤ ስለዚህ የሚባለው ለውዝ፣ ሰሊጥ ወይም ኑግ ነው፣ ቆላው ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ለቀሩት ሁለት ቀናት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ወደ ከሰዓት ይገፋዋል፣ የማታውን ደግሞ ይረሳዋል። የመጀመሪያው ክኒን እዚሁ በባለሙያ ፊት ይዋጣል፤ ሕጻን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገማል። ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ተስሏል።

ቪቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት ክሎሮኪን በሦስት ቀን፣ በኪሎ 10፣ 10 እና 5 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ጥገኛ የሚያጠፋው ፕሪማኪን ለ14 ቀን። ፕሪማኪኑን በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው የሚያቆም ብዙ ነው፣ ከሳምንታት በኋላም በዚያው ወባ ይመለሳል። ሽንቱ እንደ ሻይ የጠቆረ ሰው ወዲያው አቁሞ እንዲመጣ ይነገረዋል።

የሳምባ ምች የሚለየው በሰዓት ነው፦ ከ2 እስከ 11 ወር 50 ትንፋሽ በደቂቃ፣ ከ12 እስከ 59 ወር 40። ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፣ ሕጻኑ እያለቀሰ አይደለም። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አንድ ስሕተትን ሁለት ያደርጋል። ለተቅማጥ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ፤ ዚንኩ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20፣ ለ10 ቀን። እናቶች ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን ያቆማሉ፣ ስለዚህ አሥሩ ክኒን በአንድ ላይ ተቆርጦ ተሰጥቶ ባዶው ማሸጊያ ተመልሶ እንዲመጣ ይጠየቃል።

ሐኪሙ ሁሉን አያይም። እሱ ጋ የሚገባው አደገኛ ምልክት ያለው፣ የዘላቂ ሕመም ቀጠሮ የደረሰው፣ ወይም ነርሱ ሁለት ጊዜ አይቶ ያልተሻለው ነው። ቀኑ ሲያልቅ አንድ ሰዓት የጎዶሎዎቹ ዝርዝር ይታያል። አብዛኛው መ ነበር፤ ቀጥሎ ላ። ገ የሚለው ከተጠበቀው ያንሳል።

ሚያዝያና ግንቦት፦ እናቶችና ቃሬዛ

ከዚህ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው መኪናው ቃሬዛ ነው። እድሩ በቀብር ያለውን ሥርዓት ለታማሚም አውሎታል፤ በየጎጡ ስምንት ሰው በተራ ተመድቧል፣ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ያርፋሉ። ቃሬዛው 2.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት እንጨቶችና ጠፍር ነው። የተጨመረበት ሁለት ነገር ነው፦ ዳገት ላይ ሰውዬው እንዳይንሸራተት ደረትና ጭን ላይ የሚታሰር ሰፊ መቀነት፣ እና ጉሉኮስ የሚሰቀልበት 1 ሜትር ዘንግ። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛለች። ሸክሙ ከመነሳቱ በፊት ስልክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ሰው ወጥቶ አምቡላንሱ ወንዙ ማዶ እንዲጠብቅ ይደውላል። ቃሬዛው ወንዙ ደርሶ ከሆነ የሚደወለው፣ ተሸካሚው በፍጥነት የቆጠበው ጊዜ ሁሉ በመጠበቅ ያልቃል።

የምጥ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሦስት ወረቀት ብቻ ተለጥፏል። ለደም መፍሰስ፦ ሕጻኑ እንደወጣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ፤ ከሌለ ሚሶፕሮስቶል 600 ማይክሮ ግራም በአፍ፣ ሁለተኛ ሕጻን አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ። ለመንፈራገጥ፦ ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር በቀስታ፣ ቀጥሎ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም። በእጅ ያለው የ50 በመቶው ስለሆነ ለደም ሥሩ 8 ሚሊ ሊትር ከ12 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ቁጥር በጭንቀት ሰዓት ተሰልቶ አያልቅም፣ ስለዚህ ሲሪንጁና አምፑሉ በአንድ ከረጢት ታሽገዋል፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም አብሮ። ሦስተኛው ላልተነፈሰ ሕጻን ነው፦ ማድረቅ፣ ጀርባ ማሸት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልተነፈሰ በአምቡ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ፊኛ) በደቂቃ 40 ያህል። ጭንብሉ 0 እና 1 ቁጥር መሆን አለበት፤ ከአምቡው ጋር የሚመጣው ትልቁ ጭንብል የሕጻኑን ዓይን ይሸፍናል፣ አየሩም በጎን ያመልጣል።

በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም ግፊቷ ከፍ ያለ እናት ወሊድ ሳትጠብቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማ ወደ እናቶች ማቆያ ትወጣለች። የሚያስቀራት ክፍያ ሳይሆን ቤት የሚተዉት ልጆችና ስንቅ ናቸው። የገንፎ ዱቄቱ በየጎጡ ተዋጥቷል፤ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ግን በስምንተኛው ወር ክትትል ላይ ከባልየውና ከአማቷ ጋር ካልተነጋገሩበት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ እሷ አትመጣም።

የማጽዳቱ ሥራ አጭር ነው፣ ግን ስሕተት አይቀበልም። ባለ 5 በመቶ በረኪና አንዱ በዘጠኝ ውሃ ሲቀጥን 0.5 በመቶ ይሆናል፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል። መቀስና ፒንስ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋሉ፤ ሌሊቱን ያደረ ብረት ዝጎ ይወጣል። በግፊት ድስቱ ለተጠቀለለ ዕቃ 30 ደቂቃ፣ ላልተጠቀለለ 20፣ በ121 ዲግሪ። ሰዓቱ የሚቆጠረው እሳቱ ከተቀጣጠለ ጀምሮ ሳይሆን ግፊቱ ከሞላ ጀምሮ ነው። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል ንጹህ አይደለም፣ ይደገማል። ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያው) ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸጋል።

ሰኔ፦ ወንዙ ከመሙላቱ በፊት

በአገር አቀፉ የአቅርቦት ሥርዓት ጤና ኬላ የሚይዘው ከፍተኛው ክምችት የሁለት ወር ነው። ለዚህ ቦታ አይበቃም። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜንና መስከረም መንገድ የለም፣ የወባው ወቅት ደግሞ ልክ መስከረም ላይ ይጀምራል። ከጤና ጣቢያው ጋር የተስማማነው ለክረምቱ ብቻ የአራት ወር ክምችት እንዲገባ ነው። ለኮአርተምና ለፈጣን ምርመራ ቁጥሩ የሚወሰደው ከመጋቢትና ሚያዝያ አማካይ ሳይሆን ካለፈው ዓመት መስከረምና ጥቅምት መዝገብ ነው። በበጋው አማካይ የታዘዘ ኮአርተም በመስከረም አጋማሽ ያልቃል። የግፊት ሕመምተኞች በሰኔ የመጨረሻ ገበያ 84 ክኒን በአንድ ጊዜ ይወስዳሉ።

ለከባድ ወባ ከሪፈር በፊት የሚሰጠው የአርቴሱኔት ሬክታል (በፊንጢጣ የሚገባው) ከ6 ዓመት በታች ለሆኑ ሕጻናት በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው። ክረምት ላይ ቃሬዛውም ቢሆን ወንዙ እስኪጎድል የሚቆምበት ጊዜ ስለሚኖር፣ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔትም ዘንድሮ ከነመበጥበጫው ይገባል።

በቅሎ በአንድ ጭነት 60 ኪሎ ያህል ትችላለች። አንድ ሊትር ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ከአንድ ኪሎ በላይ ነው፤ የአንድ ሊትሩ ኦአርኤስ ግን 20.5 ግራም። 50 ኪሎ የሚመዝን በከባድ ድርቀት ያለ ሰው 5 ሊትር ሪንገር ይፈልጋል፣ ስለዚህ 40 ከረጢት ስምንት ሰው ብቻ ነው። መዋጥ የሚችለው ሁሉ በኦአርኤስ ከታከመ ሪንገሩ ለማይችለው ይተርፋል። ጭነቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሻገራል፦ መጀመሪያ የወባ መድኃኒትና ምርመራ፣ ቀጥሎ ኦአርኤስ፣ ዚንክና አሞክሲሲሊን፣ ከዚያ የማዋለጃ ዕቃ፣ ሪንገሩ በመጨረሻ። ወንዙ ቀድሞ ከሞላ ወዲያ ማዶ የሚቀረው ከባዱና በከፊል የሚተካው እንዲሆን ነው።

የተላከው ማዘዣ ላይ ፕሪማኪን በግማሽ ተቀንሶ መጥቷል። ቀሪው ከሰኔ 20 በፊት ካልደረሰ፣ ያለው ተካፍሎ ለሁሉም ለሰባት ሰባት ቀን አይሰጥም፤ ለጀመረው ሰው ሙሉው 14 ቀን ይሰጣል፣ የቀሩት ክሎሮኪኑን ወስደው ስማቸው ለጥቅምት ቀጠሮ ይመዘገባል።